የሚስተር ቦራ መርዶ

በሰማንያ ስምንት ዓ.ም. ከሾላ ገበያ ጀርባ፣ በጋሽ ሰይድ ግቢ ውስጥ፣ በየማታው ሁለት ቋንቋዎች ይደባደቡ ነበር። ሁለቱንም የሚያውቅ የሰፈር ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ሁሉም ወገን ለይቶ ነበር።

ለዓለም ሁሉ መግባቢያ ተብሎ የተፈጠረው የኤስፔራንቶ ጠበቃ የጋሽ ሰይድ ልጅ ሱሀይላ ናት። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የአውሮፕላን ቲኬት እየሸጠች ትውላለች፤ ቋንቋውን የተማረችው በፖስታ በሚላክ ትምህርት ነው። የአሳምኛ ጠበቃ ደግሞ ሰርቪስ ቤቱን የተከራየው ሚስተር ቦራ ነው፤ ከህንድ፣ ከአሳም የመጣ የሒሳብ አስተማሪ። ብዙ ዓመት ስለኖረ አማርኛው ከብዙዎቻችን ይሻላል።

«አሥራ ስድስት ሕግ ብቻ! ከሕጉ የሚያፈነግጥ ቃል የለም» ትላለች ሱሀይላ። «የማንም አገር ቋንቋ ስላልሆነ ማንም በማንም ላይ አይኮራበትም።»

«አሳምኛ አገር አለው» ይላል እሱ። «ለቅድመ አያቶቼ በትምህርት ቤትም በፍርድ ቤትም የጎረቤት ቋንቋ ተጭኖባቸው ነበር። ጮኸው ጮኸው ነው የራሳቸውን ያስመለሱት። ለኤስፔራንቶ ማን ጮኸ?»

«ተናጋሪዎቹ ታስረውለታል! ተገድለውለታልም!» ትላለች፤ ደሟ ይፈላል። እሱ ይስቃል። ሲስቅ ደግሞ ይባስ ትበግናለች።

አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ ስልክ ጮኸ። ሱሀይላ ጉንፋን ይዟት ቤት ውላ ነበርና እሷ አነሳች። የሚስተር ቦራ እህት ናት፤ ከአሳም፣ በእንግሊዝኛ፣ እየተቆራረጠች። እናታችን አረፈች አለች። «በእኛ ዘንድ አስከሬን አይቀበርም፣ ይቃጠላል፤ እሳቱን የሚለኩሰውም ወንድ ልጅ ነው። እንደማይደርስ እናውቃለን። ግን በእሱ ፈንታ ማን ይለኩስ? እሱ ራሱ ይበለን። እስከ ነገ ጠዋት ድምፁን እንጠብቃለን።»

ሱሀይላ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ወደ ትምህርት ቤቱ ልትሮጥ በሩን ከፈተች። ጋሽ ሰይድ ክንዷን ያዙ።

«ወዴት ነው? ሰው ክፍል ውስጥ ቆሞ እያስተማረ መርዶ ይረዳል?»

ወዲያው የእድሩን ዳኛ አስጠሩ። አቶ ዘርአጽዮን ጋቢያቸውን እያስተካከሉ መጡና ነገሩን እንደ ልማዳቸው ቆረጡት። መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው። ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኙን የሚይዘው ኖሮ ነው። ሠራተኛው ሁሉ የሚገኘው እሑድ ስለሆነ፣ እሑድ።

«እስከ ነገ ጠዋት ነው ያሉት!» አለች ሱሀይላ። «ሰው እየጠበቀው ነው፣ አባባ!»

«ይህ ሰው እዚህ ወንድም የለው፣ ዘመድ የለው፤ ያለነው እኛ ነን» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ልጄ ቢሆን እንዴት ነበር የማደርገው? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሆድ ይፍጀው!»

ታዘዘች። ያን ማታ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች፤ ተኛች ማለት ከሆነ። ጓዳ ውስጥ ደግሞ እናቷ ሐሚዳ አፏን በሻርፗ አፍና ትንሰቀሰቃለች። ድሮም እንኳን ሰው ሞቶ እንዲሁም አልቃሻ ናት።

ረቡዕ ማታ ሚስተር ቦራን ለእራት ጠሩት። ሐሚዳ ወጡን ከፊቱ ትከምራለች፤ ጋሽ ሰይድ ብላ፣ ብላ ይላሉ። እንዲህ ሲንከባከቡት ሱሀይላ አንጀቷ አረረ። ሊሰዋ እንደተገዛ በግ ነው የያዙት!

«ዛሬ ምነው ሁላችሁም?» አለ ሚስተር ቦራ። ፊቷን አይቶ ሊያስቃት ፈለገ። «ነይ ሱሀይላ፣ እንጣላ። በኤስፔራንቶ እናት ምን ትባላለች?»

«ፓትሪኖ።»

«አባትስ?»

«ፓትሮ።»

ጠረጴዛውን መታ። «አየሽ! እናትን ከአባት ላይ ቆርሰው፣ ጅራት ቀጥለውላት! እኛ ዘንድ አባት ደውታ ነው፣ እናት ማ። ማንም የማንም ቁራጭ አይደለም። ክረምት ሲገባ ሄጄ ይህን ለእናቴ ስነግራት በሳቅ ትፈርሳለች።»

ሱሀይላ ጉርሻዋን ትሪው ላይ ወረወረች።

«ሞታለች!» አለች። «ትናንት ተደወለ። እሳቱን ማን ይለኩስ ብለው የእርስዎን ድምፅ ይጠብቁ ነበር፤ እስከ ዛሬ ጠዋት። እኛ ደበቅንዎት።»

«አንቺ ባለጌ!» ጋሽ ሰይድ ብድግ አሉ። «መርዶ እንዲህ ይነገራል? አዋረድሽኝ!»

ሚስተር ቦራ ሁለቱንም አልሰማቸውም። ስልኩ ጋ ሄዶ ኦፕሬተሯን ለመነ፤ ቁሞ ጠበቀ። መስመሩ ሲገኝ በአሳምኛ ተናገረ፤ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ከዚያ ቀስ እያለ፣ በመጨረሻም ማዳመጥ ብቻ ሆነ። ከቃሉ ማንም ምንም አልገባውም፤ ቢሆንም ነገሩ ያልገባው ሰው በቤቱ አልነበረም። እጀታውን አስቀመጠ።

«የአጎቴ ልጅ ለኮሰው» አለ። «የማልወደው ሰው ነው። እሷም አትወደውም ነበር። ልጇ መደወል እንኳ አልፈለገም ተብሏል፤ እዚያ ሰፈር እንግዲህ ይኸው ነው የሚወራው።»

ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ዘረጉ። «ልጄ፣ እንደ እንግዳ ልናይህ አልፈለግንም። ለገዛ ልጄ የማደርገውን ነው ያደረግሁልህ። እናትህ ናት፣ በክብር እንድትረዳ ብዬ…»

«አውቃለሁ፣ ጋሽ ሰይድ» አለ ሚስተር ቦራ። ዓይኑ ደረቅ ነበር፤ ቁጣው አስፈሪ ነበር። «እንግዳ ብሆን ኖሮ ትናንትናውኑ ትነግሩኝ ነበር።»

በሩን ከፍቶ ወደ ክፍሉ ሄደ። ሐሚዳ ያን ጊዜ ታፍኖ የቆየውን ለቀቀችው፤ ደረቷን እየደቃች፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ ለማታውቃት ሴት ሙሾ አወረደች።

«ዝም በይ!» ብላ ጮኸችባት ሱሀይላ። «ትናንት የት ነበር ይሄ ድምፅ?»