ጌሙን ያጠፋሁ ዕለት

ባለቤቴ ጌሙን አጥፍቼዋለሁ ብሎ ከማለልኝ በኋላም ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር የጌሙ ጥሩምባ ይነፋል። ፎቶ ቤታችን ጠባብ ናት። ጥሩምባው ሲነፋ ለጉርድ ፎቶ የተቀመጠው ሰው ይደነግጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እኔም እንደገና አነሳለሁ። ትናንት አንድ ሽማግሌ “ልጄ፣ ጦርነት ተነሳ እንዴ?” ብለው ጠየቁኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እኔ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፤ እሱ የሰርጉን ሥራ ይዟል። ጌሙ ከገባ ወዲህ ግን የሚያሰልፈው ሚዜዎችን ሳይሆን ወታደሮችን ነው። የአንዲት ሙሽራ አልበም በዚሁ ሰበብ ዘግይቶ፣ ልጅቷ ዛሬ ከሥራ ስትወጣ ፎቶዎቿን ልትመርጥ ልትመጣ ነው። እሷ ፊት ጥሩምባ ከተነፋ አለቀልን። ስለዚህ ጠዋት እሱ ለሥራ ወጣ ሲል እጅጌዬን ሰብስቤ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ዴስክቶፑ ላይ ያለችውን የጌሙን ምስል አጠፋሁ። በእኛ ሙያ ምስሉ ከጠፋ ነገሩ ጠፋ ነው። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ስከፍተው ጥሩምባው ተነፋ። ቀጥሎ በወጉ አንኢንስቶል ልለው ገባሁ። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ፤ አዎ አልኩት። ለምን ትለይኛለሽ ብሎ ምክንያት ጠየቀኝ፤ አንዱን ነካሁለት። ይህን ሁሉ ካስለፈለፈኝ በኋላ ጌሙ ክፍት ስለሆነ ማጥፋት አይቻልም አለ። የት ነው የተከፈተው? ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ደሜ ፈላ። ብዘጋው፣ ብከፍተው፣ ብነቅለው፣ ብሰካው ያው ጥሩምባ ነው። እንዲህ ሙጭጭ የሚል ነገር በዕድሜዬ አላየሁም።

ኮምፒውተር ጠጋኝ ለሆነው ለባለቤቴ ታናሽ ወንድም ደወልኩ። ሥራ ላይ ስለነበር በጥድፊያ፣ ፎልደሩን ፈልገሽ ከነሥሩ አጥፊው ብሎኝ ዘጋው። የጌሙን ስም ጽፌ ፈለግሁ። የት ባገኘው ጥሩ ነው? እኔ ከፍቼው በማላውቀው በሰርጎቹ ማስቀመጫ ውስጥ፣ “አስቸኳይ” የሚል ስም በተሰጠው ፎልደር። እኔን ለማሞኘት! ፎልደሩን ብከፍተው ሁሉም ቁጥር በቁጥር ነው፤ ምኑ ምን እንደሆነ ለማየት ትዕግሥት አልነበረኝም። ሙሉውን ያዝኩና አጥፋ አልኩ። በጣም ትልቅ ስለሆነ ለዘለዓለም ይጠፋል፣ ይሁን? አለኝ። ይሁን! አልኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ባለቤቴ ረፋዱ ላይ ሲመለስ እየሳቅኩ ነገርኩት። ክው አለ።

“የሙሽራዋ ፎቶዎች እኮ እዚያ ውስጥ ናቸው።”

ጌሙን ሰርግ መሃል ምን አስገባው ብዬ ጮኽኩበት። አንቺ የማትከፍቺው እሱን ብቻ ነዋ አለኝ፤ አያፍርም። የካሜራውን ካርድ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰርግ ብሎ ጠርጎታል። ውሸታም አልኩት፤ ደጋግሜ አልኩት።

ለወንድሙ ደወልኩ። አይዞሽ እትዬ፣ የጠፋ ፎቶ ወዲያው አይሞትም፣ ሌላ ነገር እስኪጫንበት ድረስ እዚያው ነው፣ ብቻ ምንም እንዳታስገቢ አለኝ። ቀና ስል ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ መስኮት ወጥታለች። የጎደሉ ፋይሎች ተገኝተዋል፣ ጌምዎ እየተጠገነ ነው ትላለች። ያ ርጉም ከኢንተርኔት ራሱን መልሶ እያወረደ፣ በሙሽራዋ ላይ ይጫናል! ገመዱን ከግድግዳው መንጭቄ ነቀልኩት።

ወንድሙ ሥራውን ጥሎ መጣ። ዲስኩን አውጥቶ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሲቆፍር ዋለ፤ እኔና ባለቤቴ አንተያይም። ብዙው ተረፈ። የራት ግብዣው ፎቶ ግን የለም።

ልጅቷ ደስ ብሏት መጣች፤ ስለ መዘግየቱም አልተቆጣች። እየሳቀች መረጠች፣ እስከ መጨረሻው አየች፣ ከዚያ ተመልሳ መፈለግ ጀመረች።

“ራት ላይ ከአባዬ ጋር የጨፈርኩበት የታለ? አሁን ከአልጋ መነሳት አቅቶታል። ትልቅ አሠርቼ ፊት ለፊቱ ልሰቅልለት ነበር።”

ወንድሙ ላፕቶፑን ማየት ቀጠለ። ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ያኔ ካሜራው ተበላሽቶብን ነበር አላት።

አላመነችውም መሰለኝ ወደ እኔ ዞረች። ቀኑን ሙሉ ውሸታም ስለው የዋልኩት እኔ፣ ዓይኗን እያየሁ፣ “አዎ፣ ካሜራው ነው” አልኳት።