ሦስት ሆኖ መቆም ክልክል ነው

ኔልዳ ኡርኪዲ ጨረታው የሚካሄድበት ግቢ ገብታ መኪናዋን እንዳቆመች መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ለከተማዋ ልትገዛቸው በመጣችው የነዳጅ መሳቢያ ማሽኖች ላይ ሳይሆን በወይዘሮ ኦፓል ላይ ነበር። ኦፓል የሴሮ ሴኮ ከተማ ምክር ቤት አባል ናቸው፤ ነፃ የጎድን ጥብስ ከሚታደልበት ሰልፍ መሀል ሳህናቸውን ይዘው ቆመዋል። ይሁን፣ አለች ኔልዳ፤ አንድ የምክር ቤት አባል ጥብስ ቢበላ ሰማይ አይደፋም። ጥቂት ራመድ ስትል ደግሞ የከብት መኖ ነጋዴው ዶይል አንዱን ማሽን በጫማው ጫፍ ሲመታ አየችው። እሱም የምክር ቤት አባል ነው። ያም ይሁን። ልቧ ሳይረጋ ከክሬኑ ጀርባ ፀጉር አስተካካዩ ቴዎ እጁን እያወዛወዘላት ብቅ አለ።

«ወይ ጉዴ! ሦስት!» አለች፤ ሰላምታውን እንኳ ሳትመልስለት።

ምክር ቤቱ ያለው አምስት ሰው ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ቆመው የከተማውን ጉዳይ ካነሱ ስብሰባ ነው ይላል የግዛቱ ሕግ፤ አስቀድሞ ማስታወቂያ ያልተለጠፈለት ስብሰባ ደግሞ ወንጀል ነው። ሕጉ የወጣው በየጓዳው እየተንሾካሾከ ከተማ ለሚሸጥ ሹም ነው። መልካም ሕግ ነው፤ ማንም ክፉ አይለውም። ብቻ አምና ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ የቼሪ ኬክ እየበሉ የመንገድ ጥገና ሲያነሱ ግሬዲ የሚባል ሥራ ፈት ጡረተኛ በስልኩ ቀርጾ ከሰሳቸው። የመንገድ ጥገናው ውሳኔ ፈረሰ፤ ለጠበቃ የሚከፈለውም ከከተማው ካዝና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሦስቱ ለቀብር እንኳ የሚቀመጡት በተለያየ ወንበር ነው።

ኔልዳ ዞር ዞር ብላ ፈለገችው። ግሬዲ አጥር ተደግፎ ስልኩን እየወለወለ ቆሟል።

ወደ ኦፓል ሄደች። ልጅ ሳለች በትምህርት ቤት አውቶብስ ያመላለሷት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ አትጠጊኝ» አሉ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

«እኔ የከተማው ተቀጣሪ ነኝ፤ ለብቻዎ ቢያናግሩኝ ማንም አይከስዎትም። ምን ሊሠሩ መጡ?»

«ጎድኑ በነፃ ነው ሲሉ ሰምቼ።»

«ወይዘሮ ኦፓል!»

«እሺ፣ ማሽኖቹን ልይ ብዬ ነው። ድምፅ የሰጠሁበትን ነገር አንድ ቀን እንኳ በዓይኔ ባይ ምን አለበት? ወይኔ፣ ዶይል ወደዚህ መጣ!» ሳህናቸውን ጥለው፣ ጥብሳቸውን ሳይቀምሱ ከሰልፉ ወጡ። እሳቸው ወደ ግራ ሲሄዱ እዚያ የነበረው ቴዎ ወደ ቀኝ ሸሸ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ግቢውን ሙሉ እንደ ድብብቆሽ ይዞሩበት ጀመር።

«ካምቢዮውን ከፍተሽ አየሽው?» አለ ዶይል እየደረሰ።

«አየሁት። ጥርሱ ካንተ ጥርስ ይሻላል።»

ዶይል ሳቀ። ኔልዳ አልሳቀችም።

ከሴሮ ሴኮ ሥር ያለው ነዳጅ የከተማዋ የራሷ ነው፤ ጉድጓዶቹን የምትመራው ኔልዳ ናት። ከነዳጁ ሽያጭ የሚተዳደረው ደግሞ አምቡላንሱ ነው። ሦስት ጉድጓዶች፣ ያውም ደህና የሚሰጡት፣ አንገታቸውን ቀን ከሌት እየደፉ እያቀኑ ነዳጅ የሚስቡት ማሽኖቻቸው ተሰባብረው ቆመዋል። ምክር ቤቱ ምርቱ እስከ በጋ ካላደገ አምቡላንሱን እንደሚያቆም ወስኗል። ሆስፒታሉ ከኮረብታው ማዶ፣ በፈጣን መኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። የኔልዳ ባል አማዶ በክረምት ዕቃ ሲያጥብ ልቡ ቀጥ አለችና ወለሉ ላይ ተዘረረ። የአምቡላንሱ ሠራተኞች እሱ የከፈተው ቧንቧ ሳይዘጋ ደረሱ። ሐኪሙ ኋላ «ሕመሙ ይመለስበታል» ነው ያላት፤ መቼ እንደሆነ አላወቀም።

አዲስ ማሽን የማይታሰብ ነው። እዚህ ግን የከሰረ ኩባንያ ሦስቱን በአንድ ላይ እየሸጠ ነው። ምክር ቤቱ እስከ ስድሳ ሺህ ዶላር ፈቅዷል፤ ከዚያ አንድ ሳንቲም እንዳትዘልል። ቢጎድል ከኪሴ ልጨምር ብላ የከተማውን ጠበቃ ጠይቃ ነበር። «ያ ደግሞ ሌላ ክስ ነው» አላት።

አጫራቹ ትንፋሽ ሳይወስድ መለፍለፍ ጀመረ። ገበሬ መሳዩ ሁሉ ቶሎ ቶሎ ከጨረታው ወጣ፤ ኔልዳና ዱዌይን የሚባል፣ የከሰሩ ኩባንያዎችን ዕቃ እየገዛ የሚቸረችር ነጋዴ ብቻ ቀሩ። ሃምሳ አምስት ሺህ አለ ዱዌይን። ኔልዳ ካርዷን አነሳች። ሃምሳ ስምንት። ስድሳ፣ አለች ኔልዳ። ዱዌይን አፍንጫውን እያከከ ካርዱን አነሳ።

«ስድሳ ሁለት! እመቤቴ? ስድሳ አራት ይበሉኝ! እንዲህ ያለ ብረት ድጋሚ አይገኝም!»

ኔልዳ ዞር አለች። ኦፓል ጫማቸውን እያዩ ነው። ዶይል ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፤ ምልክት ይሁን ሙቀት ማን ያውቃል? ቴዎ ዓይኗን ሊያይ ሲል ግሬዲ ስልኩን ወደ እሱ አዞረ፤ ቴዎም ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር። የሚወስኑት ሰዎች እዚሁ ናቸው። ብትጠራቸው ይሰማሉ። እጇ እስከ ጆሮዋ ወጣ። ያልተፈቀደ ዋጋ ብትጠራ ሽያጩ ይፈርሳል፣ ግሬዲም በዚያው ቀን ፍርድ ቤት ነው። እጇ ተመለሰ።

የአጫራቹ መዶሻ ወደቀ፤ ማሽኖቹ የዱዌይን ሆኑ።

ከዚያ አንድ በአንድ መጡ። በመጀመሪያ ዶይል፣ መኪናዋ ጋ። «ለእኔ ቢሆን እስከ ሰባ ሺህ እሺ እል ነበር። ሌሎቹን ግን አላውቅም» አለና ሄደ። ቀጥሎ ቴዎ ሽንት ቤቱ ጥግ ጠብቆ፣ «እኔ እኮ እሺ ነኝ! ኦፓል ናቸው እምቢ የሚሉት» አላት። በመጨረሻ ኦፓል የለቀሰ ፊታቸውን ጠርገው፦

«እኔ እሺ ባይ ነበርኩ፣ ልጄ። እነዚያ ሁለት ወንዶች ግን ንፉጎች ናቸው።»

ኔልዳ «እነሱም እሺ ብለዋል» ልትል ነበር፤ ተወችው። የአንዱን ሐሳብ ለሌላው ብታደርስ እሷ ራሷ ስብሰባ ትሆናለች፤ ሕጉ ይህንንም አልረሳም። ሦስት እሺ በሆዷ ይዛ ለአንዳቸውም ልትነግር አልቻለችም።

ወደ ዱዌይን ሮጠች።

«ስድሳ ስድስት ሺህ ስጪኝና ውሰጃቸው» አለ ሳያንገራግር። «ዛሬ ከሆነ።»

«አንድ ቀን ስጠኝ። ለስብሰባው ዛሬ ማስታወቂያ አስለጥፌ ነገ ማታ...»

«ዕቃዬን ከግቢው አንስቼ መውጣት ያለብኝ እስከ ነገ ጠዋት ነው፣ እህቴ። ቆራጮቼም መጥተዋል።»

«ምን ቆራጭ?»

«የምፈልገው ካምቢዮና ሞተሩን ነው። ሌላውን እንዲሁ ማን ይጭነዋል? ተቆርጦ በኪሎ ይሄዳል።»

«ሙሉ ማሽን እኮ ነው! ቢተከል ነገ የሚሠራ!»

«አውቃለሁ» አለ ዱዌይን። የምር ያዘነ ይመስል ነበር። «እና ምን ላድርግልሽ? ከተማ ነሽ እንዴ ወይስ ሰው? ሰው ከሆንሽ አሁን ክፈይ።»

እሷ ሰው ናት፤ ገንዘቡ የከተማ ነው።

ሁለት ሰዎች የዓይን መከለያቸውን አውርደው በጋዝ መቁረጫው የመጀመሪያውን ማሽን አንገት ይለበልቡ ጀመር። ቀይ ፍንጣሪ አፈሩ ላይ ተበተነ። ኦፓል ከጥብሱ ድንኳን አጠገብ፣ ዶይል ከበሩ፣ ቴዎ ከክሬኑ ጀርባ፣ ራቅ ራቅ ብለው ያያሉ። ግሬዲ ይቀርጻል።

ስልኳ ጮኸ። አማዶ ነበር።

«እህ? ገዛሽልን?»

«ገና እዚሁ ነኝ።»

«ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«አቧራ ነው። አንተ ምን እየሠራህ ነው?»

«ጓሮ ነኝ። ያን የወደቀ አጥር ላቆመው ብዬ።»

«ተወው! አማዶ፣ ስማኝ፤ መዶሻውን አስቀምጥና ግባ። አሁኑኑ ግባና ተቀመጥ።»

«ምን ሆንሽ? ደህና ነኝ እኮ።»

«ግባ አልኩህ!» የማሽኑ አንገት ተቆርጦ ሲወርድ ግቢው ሙሉ ተንቀጠቀጠ። ቆራጮቹ መከለያቸውን ገልጠው ውሃ ጠጡና ወደ ሁለተኛው ተሻገሩ። «ገባህ? አማዶ? ተቀመጥክ?»