የከበሮው ተራ

ናቴሳን ሚርዳንጋም በሚባለው ከበሮው የግራ ፊት ላይ እርጥብ የስንዴ ሊጥ እየለጠፈ ሳለ የአዳራሹ አስተናባሪ መጥቶ ፈረንጇ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እንደተቀመጠች በጆሮው ነገረው። ናቴሳን ራሱን ነቅንቆ ሊጡን በአውራ ጣቱ ጠፈጠፈው። ሊጡ ሲበዛ የከበሮው ድምፅ ይታፈናል፤ ሲያንስ ደግሞ ይሳሳል።

ሴትዮዋ ማርላይን ትባላለች። ሮተርዳም ውስጥ በየዓመቱ የሚካሄድ የሙዚቃ ፌስቲቫል አዘጋጅ ስትሆን፣ ወደ ሕንዷ ከተማ ቼናይ የመጣችው ከበሮ መቺ ለመምረጥ ነው። ትናንት በስልክ እንቅጩን ነግራዋለች፤ የእሷ አገር አድማጭ የዘፈኑን ቃል ስለማይረዳ ከበሮ ብቻውን ሲመታ መስማት ይወዳል፤ ስለዚህ የእሱን ብቸኛ ተራ ሰምታ ትወስናለች፤ ማታውኑ ትሳፈራለች። ናቴሳን ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያወጣው ፓስፖርት አንድም ማኅተም ሳያርፍበት ጊዜው ሊያልፍ ነው።

ችግሩ፣ ተራውን የሚሰጠው ዘፋኙ መሆኑ ነው። ከበሮ መቺ አይጠይቅም። ዋናው ዘፈን ሲያልቅ ዘፋኙ ዞር ብሎ በእጁ ያመለክተዋል። ቼናይ ውስጥ ይህ ምልክት ለአድማጩም ጭምር ነው፤ ግማሹ ሕዝብ ብድግ ብሎ ወደ ካንቲን ይወርዳል። የናቴሳን ባለቤት፣ እሱ መምታት ሲጀምር የካንቲኑ ሰዎች ቦንዳ የሚሉትን የድንች ጥብስ መጥበስ ይጀምራሉ እያለች ትቀልድበታለች።

የዛሬዋ ዘፋኝ አኪላንዳም ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። አምና ጉሮሯቸውን ቀዶ ጥገና ካደረጉ ወዲህ ከፍ ያለውን ድምፅ ይሸሹታል። ሃያ ሁለት ዓመት ያጀባቸው ናቴሳን፣ ድምፃቸው ሲዳከም ምቱን ሞላ አድርጎ መሸፈን ለምዷል። በዚህ አቅማቸው ዋናው ዘፈን በሰዓቱ እንደሚያልቅ አልተጠራጠረም።

አላለቀም። አኪላንዳም አንዷን መስመር እየደጋገሙ በየጊዜው ሌላ መልክ ሲሰጧት፣ ድምፃቸው ሳይሰነጠቅ ላይ ወጥቶ ቆመ። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጭናቸውን እየመቱ ምቱን መቁጠራቸውን ትተው ቀና አሉ። አኪላንዳም ራሳቸውም የተገረሙ መሰሉ። ደግመው ወጡ፤ ደግሞም ሦስተኛ።

ናቴሳን የግድግዳውን ሰዓት አየ። አዳራሹ ለሚቀጥለው ቡድን ሊለቀቅ ሩብ ሰዓት ቀርቷል። መስመሯ ስትዘጋ ጠንከር ያለ መደምደሚያ መታ፤ እንዲህ ያለው ምት ይበቃል ማለት እንደሆነ በሙያው ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ወዲያው አፈረ።

መድረኩ ላይ አብሯቸው የሚያጅበው ቫዮሊን ተጫዋች ዜማውን ተቀብሎ መመለስ ሲጀምር አኪላንዳም ማይክሮፎኑን በመዳፋቸው ከድነው ወደ ናቴሳን ዘንበል አሉ።

"አባረርከኝ እኮ" አሉት እየሳቁ።

"ይቅርታ እትዬ፤ እጄ ነው።"

"እጅህስ ልክ ነው። ያቺ ፈረንጅ አንተን ልትሰማ እንደመጣች ጠዋት ነገሩኝ። ምነው ዝም አልከኝ?"

"ምን ብዬ ልንገርዎ? ዘፈንዎን ያሳጥሩልኝ ብዬ?"

"ብትለኝ አሳጥር ነበር። አስራ ሁለት ደቂቃ አለን፤ ልስጥህ?"

"ጉሮሮዎ ደክሞ ነው?"

"ቢደክምማ አትጠይቀኝም፤ ትሰማው ነበር።"

እውነታቸውን ነው። ያ ድምፅ ነገም ይመጣ እንደሆነ ግን እሳቸውም እሱም አያውቁም። ማርላይን ማስታወሻ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ የእጅ ሰዓቷን አየች። ቫዮሊኑ ወደ ማብቂያው ተቃርቧል።

"ለመዝጊያው የምርቃት ዘፈን ስንት ደቂቃ ይበቃዎታል?" አለ ናቴሳን።

"ሦስት።"

"እንግዲያው ዘጠኝ ደቂቃ አለዎት። ይቀጥሉ።"

"ሴትዮዋስ?"

"ሳጅብ ትስማኛ።"

አኪላንዳም ትንሽ አዩትና እጃቸውን ከማይክሮፎኑ አነሱ። ናቴሳን ፊቱን ከሦስተኛው ረድፍ መልሶ ወደ እሳቸው ዞረ። የመጀመሪያውን ምት በጣቶቹ ጫፍ ብቻ፣ ዝግ አድርጎ መታ።