አንዴ ያዢልኝ

«ይሄን ነገር ከጠረጴዛው ላይ አንሱልኝ ብዬ ስንቴ ልናገር?»

ባሏ በሕይወት ሳለም የምትለው ይህንኑ ነበር። ያኔ የሚሰማት አልነበረም፤ ዛሬም ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ የሚሰማት ጠፋ። ባሏ በእጁ የሠራው፣ በሬዲዮ የሚበር አውሮፕላን የምግብ ጠረጴዛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞ ተንሰራፍቷል። የመጣ ሰው ሁሉ የሻይ ብርጭቆውን የሚያሳርፍበት አጥቶ ጉልበቱ ላይ ይይዛል፣ ያለቅሳል፣ እንባውን ይጠርጋል፣ ከዚያ «ይሄ ነገር እውነት ይበራል?» ብሎ ይጠይቃታል።

ዋርሳዋ፣ የሟች ታናሽ ወንድም፣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሊያጽናናት መጥቶ አውሮፕላኑ ጅራት ሥር ከተወሸቀ ወዲህ ቀና የሚለው ሻይ ሲመጣለት ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ቅዳሜ እናበርረዋለን» አላት። «ጓደኞቹ ሁሉ ሜዳው ላይ ሊገናኙ ተስማምተዋል። ለሱ መታሰቢያ።»

«አብርሩት። ብቻ ከዚህ ቤት አውጣልኝ።»

ባትሪው በተሰካ ቁጥር ከጅራቱ «እምምም» የሚል ድምፅ ይወጣል። ለቀስተኞቹ ፍሪጁ መስሏቸዋል። እሷ ግን ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ማወቋ ራሱ አናደዳት። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገው ጅራቱ ላይ የሚታጠፈው ሳንቃ ነው። ሳንቃው ሰፊ ስለሆነ ባሏ በግራና በቀኝ ሁለት ሰርቮ ገጥሞለታል፤ የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ፣ ሳንቃውን በቀጭን ሽቦ የሚስቡ ሞተሮች ናቸው። እኩል ካልሳቡ እርስ በርስ ይጓተታሉ። ሲጓተቱ ያጉረመርማሉ፣ ይግላሉ፣ በመጨረሻ አንዱ ይቃጠላል። ቅዳሜ ሰማይ ላይ ከተቃጠለ፣ ያ ሁሉ ወዳጁ እያየ የሰውየው የመጨረሻ ሥራ አፈር ላይ ይከሰከሳል።

ይህን ሁሉ የተማረችው በግዷ ነው። እሱ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። እውነተኛ አውሮፕላን ላይ አንድም ቀን ተሳፍሮ ስለማያውቅ «ካፒቴኑ» እያለች ታሾፍበታለች። ከምትሠራበት ፋርማሲ ውላ ገብታ ድስት ስትጥድ ከሳሎን ይጣራል።

«አንቺዬ! አንዴ ያዢልኝ!»

የሬዲዮ መቆጣጠሪያውን ያስይዛታል። «እጀታውን ወደ ራስሽ ሳቢ። እስከ መጨረሻው። ልቀቂ እስክልሽ እንዳትነቃነቂ።» ከዚያ ማስመሪያውን ይዞ ጅራቱ ሥር ይገባና እሷ መኖሯን ይረሳል። ድስቱ ያርራል። አውራ ጣቷ ይደነዝዛል።

«አንተ ሰውዬ፣ ልልቀቅ?»

«ውይ! ልቀቂ፣ ልቀቂ» ብሎ ይስቃል። አብራ የምትስቅበት ቀን ነበር፤ የማትስቅበት ግን ይበዛል።

የሞተ ዕለት ጠዋትም ጠርቷት ነበር። ረፍዶባት ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማ «ማታ» አለችው። «እሺ፣ ማታ» አላት። ሥራ ቦታው ላይ ልቡ ቀጥ አለች። ዕድሜ ልኩን ሲያስጠብቃት የኖረ ሰው እሷን አንድ ማታ መጠበቅ አቃተው፤ በዚህ በዚህ ነው የተናደደችበት።

«እምምም» የሚለው ድምፅ ባሰ። ዋርሳዋ ፒንሳ ይዞ እያላበው ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ሽቦው የሳንቃው ቀዳዳ ውስጥ ጫፉ ብቻ ገብቶ አልዘልቅ ብሎኝ እኮ ነው። ትንሽ ጎተት ካደረግኩት ይገባል።»

«የአውቶቡስ በር መሰለህ?»

«ተይው ልጄ» አለች አክስቷ ከጎኗ። «ወንድሙ አይደል? በዚህ ይጽናና።»

«አክስቴ፣ ሊሰብረው ነው!»

ብድግ አለች። አንዲት ጎረቤት «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ መሰለኝ» ብላ አንሾካሾከች። ሰማቻት፤ ወደ ጅራቱ ግን አለፈች።

«የቀኙን ሽቦ ፍታው። ሁለቱም ታስረው የሳተው የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃለህ?»

ፈታው። ድምፁ በአንዴ ጠፋ። ፍሪጅ ነው ያሉት ሁሉ ዞረው ተያዩ።

«አሁን እጀታው መሀል ላይ ነው። ሽቦው ቀዳዳው ጋ ይደርሳል?»

«ለጥቂት ያጥራል።»

«ጫፉ ላይ ያለውን ብሎን አዙረህ አስረዝመው። ኧረ ፒንሳውን አስቀምጥ! ራሱ ሸርተት ብሎ ካልገባ አልተስተካከለም ማለት ነው።»

አንዴ አዞረ። አንዴ ደግሞ። «ገባ!» አለ እንደ ልጅ።

«ደስ አይበልህ። የእጀታውን መሀል እንጂ ጫፉን አላየንም። መልሰህ አውጣው።»

መቆጣጠሪያውን አነሳችና እጀታውን እስከ መጨረሻው ወደ ራሷ ሳበች። ሳንቃው ወደ ላይ ተነሳ።

«እዚህ ጋ የቀኙ ሽቦ ከቀዳዳው ያልፋል፣ እትዬ።»

የቀኙን ሰርቮ ጉዞ መቆጣጠሪያው ላይ ባለው አዝራር ቀነሰች። ባሏ ሲነካካው ስንቴ አይታ ሰልችቷታል! ወደ ታችም እንዲሁ አደረጉ፤ እዚያ ደግሞ ያጥር ነበር፣ ጨመረችለት። በመጨረሻ ሽቦው በሦስቱም ቦታ ያለ ፒንሳ ገባ። ዋርሳዋ አሰረው።

«አንድ ጊዜ ልየው» አለችና እጀታውን እንደገና ወደ ራሷ ሳበች። ሳንቃው በሁለቱም ሰርቮ ወደ ላይ ተነስቶ ቆመ። ጆሮዋን አስጠጋች። ምንም የለም።

«ተባረኪ፣ እትዬ! አለቀ» አላት ዋርሳዋ ከጅራቱ ሥር ወጥቶ እጁን እየጠረገ። «ቅዳሜ ያለ ሐሳብ ይነሳል።»

ለቀስተኞቹ ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። አክስቷ ሻይ ቀድታ መጣች፤ የምታስቀምጥበት አጥታ ብርጭቆውን ይዛ ቆመች። እጀታውን ያልለቀቀው የእሷ አውራ ጣት መደንዘዝ ጀምሯል።

«እትዬ» አላት ዋርሳዋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አልቋል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችው፤ ዓይኗ ጅራቱ ሥር ባሏ ይገባበት ከነበረው ባዶ ቦታ ላይ ነበር። አውራ ጣቷን ከእጀታው አላነሳችም።