የናጋሚኔ ቤት እንግዳ

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መታወቂያዎን ማየት አለብኝ" አለ የበሩ ፖሊስ፣ ዓይኑን ከጫማዋ ላይ ሳያነሳ።

ቶዋኮ ቦርሳዋን ከፍታ ትበረብር ጀመር። ፖሊሱ ኒሺኖ ይባላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መኪናዋ በዚህ በናጋሚኔ ልዑላን ቤት በር በወጣና በገባ ቁጥር እጁን ወደ ቆቡ አንስቶ ሰላምታ ሲሰጣት ኖሯል። ዛሬ በእግሯ መጥታ ፊቱ ስትቆም ግን ሁለቱም እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፋቸው። ከብዙ ፍለጋ በኋላ የጤና መድን ካርዷን አገኘች። ኒሺኖ ተቀብሎ ገልብጦ አየውና መዝገቡ ላይ ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ "ወይዘሮ ኢሶጋይ" ሲል ቶዋኮ ማን እንደተጠራ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም አልነበረም።

ከተሞሸረች ገና አሥራ ዘጠኝ ቀኗ ነው። ከዚያ በፊት ለሃያ ዘጠኝ ዓመት "ልዕልት ቶዋኮ" ከመባል በቀር ሌላ ስም ኖሯት አያውቅም፤ የንጉሣዊው ቤተሰብ ልጆች የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ ናጋሚኔም የቤቱ መጠሪያ እንጂ የእሷ ስም አይደለም። ተራ ሰው ያገባች ልዕልት ደግሞ በሠርጓ ዕለት ከቤተሰቡ መዝገብ ትወጣለች። ይህንን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ማወቅና መኖር ግን ለየቅል ሆኑባት።

ባሏ ሾታሮ ኢሶጋይ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ከቶኪዮ ዳር ባለች ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ሲሠራ ይውላል። የሚኖሩት ከክሊኒኩ አጠገብ ባለ ያረጀ ሕንፃ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተው ነው። በነዚህ አሥራ ዘጠኝ ቀናት ያልተሳሳተችው ነገር የለም። ቆሻሻ ያለ ቀኑ አውጥታ፣ ጎረቤቷ ከረጢቱን መልሳ በሯ ላይ አስቀምጣላታለች። መንገድ ለመሻገር ቆማ አረንጓዴ መብራት ሲበራ፣ አጃቢ "ይለፉ" እስኪላት ስትጠብቅ መብራቱ ተመልሶ ቀይ ሆኖባታል። ዛሬ ጠዋት እንኳ መውረጃዋ ሲደርስ የሚነግራት ሰው ያለ ይመስል ባቡሩ ውስጥ ዝም ብላ ተቀምጣ፣ ሁለት ጣቢያ አልፋ ወርዳ በእግሯ ተመልሳለች።

የመጣችው አባቷ ልዑል ሱኬሂቶ ትናንት ደውለውላት ነው። ልዑሉ በገዛ እጃቸው ስልክ የሚያነሱ ሰው አልነበሩም፤ የሚሉትን በቤቱ አዛዥ በኩል ያስነግራሉ። ስለዚህ ድምፃቸውን ስትሰማ አንድ ክፉ ነገር እንደደረሰ ገመተች። አያቷ እህል አልቀምስ ማለታቸውን ነገሯት፤ ከዚያም ነገ ትመጣ እንደሆነ ጠየቋት። ነይ አላሏትም፤ ጠየቋት። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው።

ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው የጠጠር መንገድ ግራና ቀኙ ጥድ ነው። እግሯ እንደለመደው ወደ ግራ ታጥፎ ቤተሰቡ ወደሚገባበት ወደ ጓሮው በር ወሰዳት። ጫማዋን ልታወልቅ ስታጎነብስ የቤቱ አዛዥ አቶ ኩሮዳ ከየት እንደመጡ ሳታያቸው አጠገቧ ቆመው ነበር። ብስክሌት መንዳት ያስተማሯት፣ ስትወድቅም ጉልበቷን ያጠቡላት እኚህ ሰው ናቸው።

"በዋናው በር ነው" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እንግዳ በዋናው በር ነው የሚገባው።"

ወዲያው በገዛ አፋቸው ደነገጡ። ቶዋኮ ይቅርታ ጠየቀች፤ እሳቸውም ጠየቁ። አንዱ ላንዱ እጅ ሲነሳሱ ቆይተው ቤቱን ዞረው ሄዱ። ዋናው በር ላይ ለእንግዳ የሚሰጠው ነጠላ ጫማ ተዘጋጅቶላታል። እግሯ ዋኘበት። በልጅነቷ አምባሳደሮች በዚህ ጫማ ሲንሸራተቱ አይታ ስቃ ታውቃለች።

አባቷ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ጠበቋት። ስትገባ ተነሱ። ሰው ሲገባ መነሳት ልማዳቸው ነው፤ ለእሷ ግን ተነስተው አያውቁም። አይነሱ እንዳትላቸው ተነስተዋል፣ ይቀመጡ እንዳትላቸው አባቷ ናቸው፤ ቸገራትና እሷም ቆመች። በመጨረሻ ሁለቱም እኩል ተቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አያቷ ልዕልት ካናኮ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። የድሮውን ሁሉ፣ የእያንዳንዱን በዓል ሥርዓት፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር ያስታውሳሉ፤ የዕለቱን ግን ማታውኑ ይረሱታል። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ለስምንት ዓመት ቁርስ የበሉት ከቶዋኮ ጋር ነው። ከሠርጉ ማግስት ገበታ ላይ ቀርበው ቶዋኮ የት እንዳለች ሲጠይቁ ደንገጡሯ ወይዘሮ ሃማዛኪ ደንግጣ "ለሥራ ሰሜን ሄደዋል" አለች። አያቷም "እንግዲያ እጠብቃታለሁ" ብለው የመብያ እንጨቶቻቸውን መልሰው አስቀመጡ። በዚህ ቤት የሚጠበቅ ሰው ሳይመጣ ገበታ አይጀመርም፤ ይህን ያስተማሩት ደግሞ እሳቸው ናቸው። በየማለዳው ሲጠይቁ ያው ይነገራቸዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በልመና ጥቂት ይቀምሱ ነበር። ካለፈው እሑድ ወዲህ ግን ከሻይና ከጥቂት ማንኪያ የሩዝ ሙቅ በቀር ወደ አፋቸው የገባ የለም። ሐኪሙም ሆስፒታል ገብተው በቱቦ ይመገቡ ማለት ጀምሯል።

ልዑሉ ይህንን ሁሉ የተናገሩት በመስኮት ወደ አትክልቱ እያዩ ነው። ቀጥለው የፈለጉትን ተናገሩ፤ በድሮ ቦታዋ እንድትቀመጥ፣ ከሰሜን ተመለስኩ እንድትላቸው። ሕይወታቸውን ሙሉ ማንንም እንዲዋሽ ጠይቀው የማያውቁ ሰው ጆሯቸው ቀልቶ ነበር።

"ነገስ?" አለች ቶዋኮ።

"ነገም ብትመጪ።"

"ከነገ ወዲያስ?"

አባቷ ከመቀመጫቸው ተነሱ። እምቢ እንዳትል የአያቷ ነፍስ ነው። እሺ እንዳትል ደግሞ መስላ እንድትታይ የተጠየቀችው ራሷን ነው፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት የነበረችውን ራሷን። ያቺ ሴት እንዴት እንደምትቀመጥ፣ እንዴት እንደምትናገር ለማስታወስ ሞከረችና ግራ ገባት። ተነስታ ወደ ገበታው ክፍል ተከተለቻቸው።

አያቷ በገበታው ራስ ላይ፣ ግራጫ ኪሞኖ ለብሰው ተቀምጠዋል። በጣም ከስተዋል። ቶዋኮ እንደ ድሮው በስተቀኛቸው ስትቀመጥ እጃቸውን ሰደው እጅጌዋን ያዙ።

"መጣሽ" አሉ። "ሰሜን ይበርዳል?"

"ይበርዳል፣ አያቴ።"

ውሸቱ እንዲህ በቀላሉ ከአፏ መውጣቱ ራሷን አስገረማት። ወይዘሮ ሃማዛኪ በደስታ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ማዕዱን አቀረበች፤ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሾርባ፣ ሩዝ። አያቷ እንጨቶቻቸውን አነሱ። ከዚያ የአሮጊቷ ዓይን ቶዋኮ ፊት ባለው የሩዝ ሳህን ላይ ዐረፈ፤ እጃቸውም እዚያው ቀረ።

በዚህ ቤት እያንዳንዱ ልጅ ሲወለድ የአንድ ተክል ምልክት ይሰጠዋል፤ ሳህኑም ፎጣውም ማበጠሪያውም ላይ ያ ምልክት ይቀረጻል። የቶዋኮ የደወል አበባ ነው። ፊቷ ያለው ሳህን ግን ምንም የለበትም።

"ይኼ የእንግዳ ሳህን ነው" አሉ አያቷ። "የልጅቷ የት ሄደ?"

"ተሰብሮ ነው፣ ልዕልት" አለች ወይዘሮ ሃማዛኪ ቀደም ብላ።

"መቼ ነው የተሰበረው? ለምን አልተነገረኝም?"

ወይዘሮ ሃማዛኪ በሩ አጠገብ የቆሙትን አቶ ኩሮዳን አየች፤ አቶ ኩሮዳ ልዑሉን አዩ፤ ልዑሉ ሾርባቸውን አዩ። ቶዋኮ ሳህኑን አሰበችው። ሁለት ክፍል ቤቷ ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ሾታሮ ተሳስቶ የራሱን ሩዝ በልቶበታል።

"አልተሰበረም፣ አያቴ" አለች። "ቤቴ ነው ያለው።"

"ቤትሽ የት ነው?"

የራሷን ድምፅ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሰማችው። "ሰሜን አልሄድኩም። አግብቻለሁ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ። አሁን የዚህ ቤት ሰው አይደለሁም።"

ልዑሉ "ቶዋኮ" ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። አያቷ እጅጌዋን ለቀቁ። ውጭ አትክልተኛው ቅጠል ሲጠርግ ይሰማል። ቶዋኮ በአንድ ዓረፍተ ነገር አያቷን የገደለቻቸው መሰላት።

"እኔ ነበርኩ?" አሉ አያቷ በመጨረሻ። "ሠርጉ ላይ?"

"ነበሩ። ፀጉሬን ያቃኑልኝ እርስዎ ነዎት።"

"አለቀስኩ?"

"ትንሽ።"

"ትንሽ ከሆነ ደህና ነው።" ጥቂት አሰቡ። "ባልሽ ማን ይባላል?"

"ኢሶጋይ።"

ስሙን በከንፈራቸው ደገሙት። ከዚያ ወገባቸውን አቀኑ፤ የኪሞኖአቸውን ጫፍ ሰብሰብ አደረጉና ወደ ወይዘሮ ሃማዛኪ ዞሩ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር፤ ቶዋኮ ይህን ድምፅ የምታውቀው ትልልቅ እንግዶች ሲመጡ ነው።

"ወይዘሮ ኢሶጋይን ያስቀመጣችኋቸው የእንግዳ ቦታ ላይ አይደለም። ምን ዓይነት አቀባበል ነው? ወደ ፊት ለፊቴ አዛውሯቸው።"

አዛወሯት። ሳህኑም ዓሣውም ተከትሏት ተዛወረ። አያቷ ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት።

"ከሩቅ መጥተው ስላስጠበቅንዎት ይቅርታ ያድርጉልን" አሉ። "እንግዳ ብቻውን አይበላም። እኔ ልጀምር።"

ሩዝ አነሱና ጎረሱ። አኘኩ፤ ዋጡ። ደግመው አነሱ። ወይዘሮ ሃማዛኪ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቶዋኮ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስም ብሏታል፤ ግን የራሷን ሩዝ ሳትነካ ቆየች። በሕይወቷ ሙሉ እኚህ ሴት "አንቺ" ሲሏት ነው የኖረችው። "አንቺ ፀጉርሽን አላበጠርሽም"፣ "አንቺ ዛሬ ምን ሆነሻል" ሲሏት። አሁን "እርስዎ" አሏት፤ አያቷም በሉ። የቱን እንዳገኘች፣ የቱን እንዳጣች መለየት አቃታት።

ለእንግዳ የሚቀርበው ጥያቄ በተራ ቀረበላት። መንገዱ አድክሟት እንደሆነ፣ የሰፈሯ አየር እንዴት እንደሆነ፣ ባለቤቷ ምን ሥራ እንደሚሠሩ። የእንስሳት ሐኪም መሆኑን ስትነግራቸው የላም እንደሆነ ጠየቁ። የውሻና የድመት ነው አለች።

"ያ ይከብዳል" አሉ አያቷ። "ላም ሲያማት ትጮኻለች። ድመት ግን ደብቃ ነው የምትታመመው። እኛ ቤትም እንደዚያ ነው።"

ልዑሉ ሳያስቡት ሳቁ። ሲስቁ ካየቻቸው ቆይታለች። እሷም ሳቀችና ሩዙን ጎረሰች፤ ዓሣውንም ማንሳት ጀመረች።

"አጥንት አለው፣ ተጠንቀቂ" አሉ አያቷ።

ቶዋኮ ቀና አለች። አሮጊቷ ሾርባቸውን እየጠጡ ነው፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ረስተው ይሁን፣ አምልጧቸው ይሁን፣ ወይስ እያወቁ፣ ለመጠየቅ ድፍረት አጣች።

ገበታው ሲነሳ አያቷ እንደገና እጅ ነሱ። "የጎበኘኝን ሰው ሳልጎበኝ መቅረት ልማዴ አይደለም" አሉ። "ቤትዎ መቼ ልምጣ?" መልስ ሳይጠብቁ ወይዘሮ ሃማዛኪን ተደግፈው ለማረፍ ወደ እልፍኛቸው ሄዱ።

መተላለፊያው ላይ ልዑሉ የልጃቸውን ትከሻ ሊነኩ እጃቸውን አንስተው መለሱት። እንዲህ ከሆነ ነገ መኪና እልክልሻለሁ፣ እንግዳም ሆነሽ ብትመጪ ያው ነው አሏት። አቶ ኩሮዳም ስለ መጨረሻው ጥያቄ እንዳትጨነቅ መከሯት፤ እስከ ማታ ይረሱታል። ደግሞስ እንዴት ተደርጎ? ፖሊስ ሰፈሩን አስቀድሞ ማየት አለበት፣ መንገድ ይዘጋል፣ ጎረቤት ሁሉ ይነገረዋል። ልዕልት ካናኮ ተራ ሰው ቤት ከገቡ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል።

ቶዋኮ ሰማቻቸው። የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። ቤቷን አሰበችው፤ ሾታሮ በየወንበሩ ላይ የሚጥላቸውን ካልሲዎች፣ ክሊኒኩ ቦታ ሲያጣ የሚያመጣቸውን በሽተኛ ድመቶች። ከዚያ አያቷን እዚያ መሐል ተቀምጠው ለማየት ሞከረች፤ አልመጣላትም።

"ሐሙስ ከሰዓት ይመቸናል" አለች። "እሳቸው ቢረሱም እኔ ጋብዣቸዋለሁ።"

አቶ ኩሮዳ አባቷን አዩ። አዛዡ ከደረት ኪሳቸው ማስታወሻቸውን ቀስ ብለው አወጡና እርሳሱን አዘጋጁ።

"ሕንፃው ሊፍት አለው?"

"የለውም።"

"ደረጃው ስንት ነው? ለጉልበታቸው ማወቅ አለብን።"

አሥራ ዘጠኝ ቀን ወጥታበታለች፣ ወርዳበታለች። ልትመልስ አፏን ከፈተችና ቁጥሩን እንደማታውቀው ገባት።

"አሁን ስሄድ ቆጥሬ እደውልልዎታለሁ" አለች።