ከቢላው የቀደመ መርፌ

ገዲሴ በጎፋ በኩል ባለፈች ቁጥር ልቧ የሚሄደው ዛሬ ፎቅ የሞላው ቦታ ገና እርሻ ወደነበረበት ዘመን ነው። ያኔ ወደ ለቡ የሚወስደው ሜዳ ሽምብራ ይዘራበት ነበር። ባሏ ቀጄላ ከቀለም ፋብሪካው ሲመለስ እያፏጨ ሜዳውን ያቋርጣል፤ ፉጨቱም ከእሱ ቀድሞ ቤት ይገባል።

ቀጄላ ፉጨት የተወው ቡአውን በቀዶ ጥገና የታከመ ዓመት ነው። ሕክምናው በደህና አለቀ ተባለ፤ ቁስሉ ግን መገለ። ገዲሴ ጠዋት ማታ በጨው ውሃ ጠረገችለት፣ ፋሻ እያጠበች ፀሐይ ላይ አሰጣች። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ቀጄላ አፍሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። ከስንት ስቃይ በኋላ ቁስሉ ሲሽር ደግሞ ቡአው እዚያው ቦታ ተመልሶ ወጣ።

«ከእንግዲህ ቢላ አይነካኝም!» አለ ቀጄላ።

ገዲሴ ለመነችው፤ አኮረፈችው፤ በመጨረሻ እያለቀሰች እጁን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችው። የተቀበላቸው ገሠሠ የሚባል ወጣት ሐኪም የድሮውን ጠባሳ እየዳበሰ ታሪኩን ሁሉ አዳመጠ።

«ጋሽ ቀጄላ፣ አሁን ሳልቀድዎ በፊት አንቲባዮቲክ ይወጋሉ» አለ።

ቀጄላ ሳቀ። «ቁስል ሳይኖር የቁስል መድኃኒት?»

«ካመረቀዘ በኋላማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቢላው ቆዳዎን ሲከፍት መድኃኒቱ ደምዎ ውስጥ ገብቶ ይጠብቀው።»

ችግሩ፣ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ አልቋል። ገሠሠም «እሱ ሳይገኝ አልነካዎትም» ብሎ ቀጠሮውን አራዘመ። ገዲሴ ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞረች፤ መልሱ ሁሉ «አልገባም» ነው። ቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ እንባዋን ስትጠርግ ከኋላዋ የተሰለፈችው ጎረቤቷ ሙፊዳ አየቻት።

«እትዬ ገዲሴ፣ ምን ሆነው ነው?»

ነገረቻት። ሙፊዳ ለስኳሩ ስንት ሰዓት እንደተሰለፈች አላሰበችም፤ ወረፋዋን ጥላ መርካቶ ወንድሟ ከድር ዘንድ ሄደች። ከድር ፋርማሲ የሚሠራ ወዳጅ ነበረው። ማምሻውን መድኃኒቱን በሻሿ ጠቅልላ መጣችና ገዲሴ እጅ ላይ አኖረችው። ገዲሴ ምርቃቱ ሁሉ ጠፍቶባት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ነርሷ ቀጄላን ወደ ውስጥ ከመውሰዷ በፊት መርፌውን ወጋችው። «ኧረ እኔስ ገና ሳልቀደድ አመመኝ!» አለ፤ የገዲሴን እጅ ግን አልለቀቀም ነበር።

ፋሻው የሚፈታ ቀን ገዲሴ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች። ነርሷ ገለጠችው። ደርቋል። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ተኝቷል፤ እብጠት የለ፣ መግል የለ። ገዲሴ ዓይኗን አላመነችም። ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

«ምነው አንቺ፣ የገበያ ቅቤ መሰልኩሽ?» አለ ቀጄላ።

የክፍሉ በሽተኛ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ስፌት ያለበት ሆዱን እየያዘ ይስቃል። ገዲሴም እያለቀሰች ሳቀች። ቀጄላ ከዚያ በኋላ ልጆቹን ድሮ፣ አርጅቶ፣ ጠግቦ ነው የሞተው። እሷ ግን ስትናፍቀው የምታየው እንደዚያ ቀን ነው፤ አልጋው ላይ ቀና ብሎ፣ ሙፊዳ የላከችውን ሾርባ ከጎኑ ከተኛው ሰውዬ ጋር እየተካፈለ፣ «ቅመሱ እንጂ፣ የጎረቤቴ እጅ ነው» እያለ።