ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ኩርኩም

በ1962 ዓ.ም. ኮልፌ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ስማር፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር ሀብተማርያም ረጃጅም ቃላት ይወድ ነበር። እንደ «ሊ» ያለውን የቃሉን ጭራ ይቆርጣል፣ እንደ «አን» ያለውን ግንባሩን ይቆርጣል፣ የቀረውን ሰሌዳው ላይ ከነትርጉሙ ይጽፋል። ከዚያ ቃሉን በየቀለሙ ከፋፍለን፣ ድምፃችን የትኛው ቀለም ላይ እንደሚጠነክር ይጠይቀናል። የሳተውን ያወቀው ልጅ ይኮረኩመዋል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ኩርኩም።

አንድ ሰኞ ተራው የ«አንፎርቹኔትሊ» ሆነ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ጥሩብርሃን ተነሥታ መጨረሻው ላይ አጠነከረችው።

«አልፊያ!» አለኝ ቲቸር።

«ሁለተኛው ላይ ነው። አን-ፎር-ቹ-ኔት-ሊ።»

«ጎበዝ! በይ አቅምሻት። ‹ፎር› ላይ ስትደርሺ ጠንከር ይበል፤ እንዲገባት።»

ኮረኮምኳት። ሁለተኛዋን አጠነከርኳት። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይቆጥራል፤ ቲቸር ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዘፈን እንደሚያዳምጥ ሰው ጭንቅላቱን ይወዘውዛል። የጥሩብርሃን የፀጉር ቅቤ ጣቶቼ ላይ ቀረ።

በእረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ ሄጄ እጄን በአሸዋ ፈተግሁት። ጥሩብርሃን መጣች።

«ሁለተኛዋን ግን ምነው እንዲያ?» አለችኝ።

«እዚያ ላይ ነዋ የሚጠነክረው» አልኳት።

ከአፌ የወጣው የቲቸር ንግግር መሆኑን ሰማሁ። እጄን እንደገና በአሸዋ ፈተግሁት።

በማግስቱ «ኢንተርናሽናሊ» መጣ፤ ባለ ስድስት ቀለም። ጥሩብርሃን አሁንም ሳተች፤ ቲቸር አሁንም እኔን ጠራኝ።

«ሦስተኛው ላይ ነው። ግን አልመታም» አልኩ።

«ወላጅ ይዘሽ ነይ!» ብሎ ወደ ክፍሉ ዞረ። «እሺ፣ ማን ይምታልኝ?»

ከሃያ በላይ እጅ ወጣ። አንዳንዶቹ እንዳይቀድሟቸው ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር።

አባቴ ጀይሉ መርካቶ ጨርቅ የሚሸጥ፣ አስተማሪ ሲያይ መንገድ የሚለቅ ሰው ነው። ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ሁሉንም ሰማ።

«ስለ ደፈረችዎት ይቅርታ ትጠይቃለች» አለው ቲቸርን። «እኔ የላክኋት ግን ልትማር ነው። በእሷ እጅ ሰው አያስመቱም።»

ይቅርታ ጠየቅሁ። ቃሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ጎረበጠኝ። ቲቸር ወደ ኋላ ወንበር አዛወረኝ፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ሚኒስትሪን አለፍኩ። ጥሩብርሃን ግን አልተፈተነችም፤ ከፋሲካ በኋላ ትምህርቷን ትታ ነበር። ያኔ ቤቷ ሄጄ እንድትመለስ ብለምናት፣ «አንቺን አልተቀየምኩም፤ እዚያ ክፍል ግን አልገባም» አለችኝና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።